ሥሩ ይጥበቅልኝ ያለው አሰልጣኝ

የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ነበር፤ ዕድሜው አርባ አንድ፣ የድሬዱ ዕድሜ አሥራ አራት። ከሁለቱ የሚኮራው በሁለተኛው ነው። ሰው ሥራውን ሲጠይቀው «አሰልጣኝ ነኝ» ከማለቱ በፊት አንገቱን ወርወር አድርጎ ያን ወገቡ ላይ የሚደርስ ፀጉሩን ከትከሻው ያራግፋል። ጠያቂው መልሱን እዚያው ያገኘው ይመስለዋል። ለራሱም «አንበሳው» የሚል ስም አውጥቶ ነበር። ስም ግን ለራስ ቢያወጡት አይጸናም፤ የማሰልጠኛው ባልደረቦቹ በሌለበት የሚጠሩት «መወልወያው» እያሉ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሱ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እሷ እኮ የወደደችኝ በፀጉሬ ነው» ሲል፣ እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላ የያዝከው አንተ ብቻ ነበርክ» ትለዋለች።

የማሰልጠኛ መኪና እንደሚታወቀው ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዱ የተማሪው፣ አንዱ የአሰልጣኙ። አሰልጣኙ ከኋላ የሚመጣውን እንዲያይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ተጨማሪ ስፖኪዮ ትገጠምለታለች። የእሱ ስፖኪዮ ግን ከኋላ የሚመጣ መኪና አሳይታ አታውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ግንባሩ ዞራ ኖራለች። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ መንታ መንገድ ላይ «ልታጠፍ?» ብላ ስትጠይቀው፣ እሱ መስታወቱ ውስጥ እንዳፈጠጠ «አዎ፣ አድጓል» አላት። ልጅቷ «አዎ» የምትለውን ብቻ ሰምታ ታጠፈች። የቆሙት የአበባ መትከያ ላይ ነው።

አደገ ያለው የድሬዱን ሥር ነበር። ድሬድ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፀጉር በየወሩ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ይበቅላል፤ የበቀለው ገና ስላልተገመደ ከሥር እንደ ጥጥ ይንጨባረራል። ለሌላው ሰው ይህ የጤና ምልክት ነው፤ ለእሱ ግን ውርደት ነበር። «ያልታጨደ ሣር» ይለዋል። ሣሩን ያየበት ቀን ተማሪ ላይ ይጮሃል፣ ሻይ ይቀዘቅዝበታል፣ ኮፍያ ይፈልጋል።

ለአሥራ ሁለት ዓመት ሥሩን የያዘችለት አንዲት ዝምተኛ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ስድስት ሳምንት ሲሞላ ይሄዳል። ታጥበዋለች፣ እርጥቡን ሥር በትንሽ የእሬት ውሃ ታለሰልሰዋለች፣ ከዚያ በሁለት መዳፏ መሀል እያሽከረከረች ትጠቀልለዋለች፣ በመቆንጠጫ ይዛ ማድረቂያው ሥር ታስቀምጠዋለች። አያምም፣ አይጎትትም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ በመዳፍ የተጠቀለለ ሥር ታጥቦ ሲደርቅ ይላላል። እሱ ታዲያ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣና «ይኸው፣ ተፈታ እኮ!» ይላታል።

«አልተፈታም፣ አደገ» ትለዋለች። «ሰው ፀጉሬ አደገ ብሎ ይከሳል እንዴ?»

«እንግዲያው በየሳምንቱ ጠቅልይልኝ።»

«አይሆንም። ሁልጊዜ ሲጠመዘዝ የሚውል ሥር ይሳሳል። ስድስት ሳምንት ማለት ስድስት ሳምንት ነው።»

እንዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ሳሉ ነው ከማሰልጠኛው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ አንድ አዲስ ሰው ሱቅ የከፈተው። ሰዉ «ቋጠሮ» ይለዋል። ቋጠሮ በመዳፍ የሚሠራ ሰው አይደለም፤ የሚያውቀው ኪሮሽ ነው። ዳንቴል የሚሠራባትን ቀጭን መንጠቆ ሥሩ ውስጥ ይሰካታል፣ የተንጨባረረውን ይነጥቃል፣ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ይህ አልበቃ ሲለው የድሬዱን ጫፍ ራሱን በገዛ ሥሩ መሀል ሹልክ እያደረገ ከአራት አቅጣጫ ያሳልፈዋል። በላዩ ላይ ሰም ይቀባዋል። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሥር በአንድ ሰዓት፤ እንደ ድንጋይ!» ተብሎ ተጽፏል።

አሰልጣኙ መጀመሪያ ቀን ከወንበሩ ሲነሳ ቅንድቡ ከነበረበት ከፍ ብሎ ነበር። ያን ቀን ሊተኛ ሲል ዓይኑ ሙሉ በሙሉ አልገጥም አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እሱ ግን መስታወት ፊት ቆሞ አንዲት የፀጉር ዘለላ እንኳ ከመስመር አለመውጣቷን አየና እንባ ቀረሽ ደስታ ተሰማው። በሳምንቱ ተመለሰ። «ጠበቅ አድርገው!» አለ። ቋጠሮም እንዲህ ያለ ደንበኛ በሕልሙም አላየም፤ ጠበቅ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቋጠሮ ዘንድ ነው። የጠበቀው እንዳይላላበት መታጠብ ተወ። ያልታጠበው እንዳይታይበት ደግሞ ሁሉንም ሰብስቦ አናቱ ላይ እንደ ቅል ቋጠረው። ፊቱ ወደ ላይ ከመወጠሩ የተነሳ ሁልጊዜ የደነገጠ ይመስል ነበር። ይህ ደግሞ ለሥራው አልበጀም። ተማሪዎቹ ቀና ብለው ባዩት ቁጥር አንድ ነገር የገጩ እየመሰላቸው መሀል አስፋልት ላይ ፍሬን ይረግጡ ጀመር።

ሚስቱ ነገሩ አላማራትም። የራስ ምታት ክኒን በየኪሱ ታገኛለች፤ ትራሱ ላይ ደግሞ እንደ ስንዴ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ቅርፊቶች።

«ክር ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጨርቁን ይሸነትራል» አለችው አንድ ቀን ቁርስ ላይ።

«ራስ ጨርቅ አይደለም።»

«ጨርቅማ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ይጣፍ ነበር። ያምህ የለ?»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ምንም አላመመኝም!»

ግንባሩ እንኳ ያለ መሐላም እየሰፋ ነበር።

በዚህ መሀል ነው አዲሷ ተማሪ የመጣችው። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ከዚያም ውስጥ ሠላሳውን ዓመት የቆዳ ሕክምና ክፍል ያሳለፈች። ግቢው በሙሉ «ሲስተር» ይላታል። ደግ ሴት ናት፤ መሪ ስትይዝ ግን ምሕረት የላትም። ፍሪሲዮኑን አንዴ ከረገጠችው የምትለቀው በልመና ነው። ወደ ኋላ ስትነዳ ዓይኗን ትጨፍናለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ የመለማመጃ ኮን ገጭታ፣ አንዱን ከመኪናው ሥር ተሸክማ እስከ ዋናው መንገድ ወስዳዋለች። ሌሎቹ አሰልጣኞች አንድ በአንድ ሰበብ እየፈጠሩ ሲሸሹ፣ በስፖኪዮው ሲቆነጃጅ ዕጣው ሲወጣ ያልሰማው እሱ ላይ ወደቀች።

ተማሪ በግራ ስለሚቀመጥ ቀኑን ሙሉ ከጎን የምታየው የአሰልጣኙን ግራ ጆሮና ከጆሮው በላይ ያለውን ነው። ሦስተኛ ቀናቸው ላይ ቀይ መብራት ይዟቸው ሳለ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየችው።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ፀጉር ማነው የሚነቅልህ?»

«ምን?»

«ከጆሮህ በላይ ያለውን ነው የምልህ። ቆዳው እንደ ሰሃን ያበራል። ከፊት በኩል ደግሞ በየድሬዱ ሥር መግል የቋጠረ ብጉር አለ።»

«ሲስተር፣ ዓይንዎን መንገዱ ላይ ያድርጉ።»

«መንገዱ እኮ ቆሟል። በጣትህ ጫን በለው እስቲ።»

አልጫንም አለ። እሷም ሠላሳ ዓመት የታካሚ እምቢታ ስታልፍ የኖረች ናትና እጇን ሰድዳ ራሷ ጫን አደረገችው። አሰልጣኙ «ዋይ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳና አናቱ ጣሪያውን መታ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያሉት ጡሩምባቸውን ይነፋሉ።

«ይኸውልህ» አለች ረጋ ብላ ማርሽ እየፈለገች፤ ያገኘችው ሦስተኛውን ነው። «ፀጉር በየቀኑ ሲጎተት ሥሩ ይቆጣል፣ ያብጣል። ቀጥሎ ይሳሳል። ሳስቶ ሳለ ከለቀቁት ይመለሳል። ካልለቀቁት ቦታው ጠባሳ ይሆንና ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ዘይት ብታፈስበት፣ ጸሎት ብታደርስበት አይበቅልም።»

«እኔ ያስቸገረኝ ፀጉር ማነስ አይደለም። እኔን ያስቸገሩኝ የማይነዱ ሰዎች ናቸው።»

«ራስ ሳይጠና ጉተና» አለች ሲስተር፤ ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቀችው። መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ።

ለአንድ ሳምንት ከ«ግራ»፣ ከ«ቀኝ»ና ከ«ፍሬን» በቀር ቃል አልተነጋገሩም። እሱ ሌላ አሰልጣኝ እንዲሰጣት ለኃላፊው አመለከተ። ኃላፊው የሌሎቹን አሰልጣኞች ፊት አይቶ ማመልከቻውን መልሶ ኪሱ ከተተለት።

ወሩ ሳያልቅ ታላቁ ቀን መጣ። ማሰልጠኛው አዲስ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሊያሠራ ነው፤ ፎቶው ላይ የሚወጣውም አሰልጣኙ ሆነ። እንደ እውነቱ የተመረጠው ሌሎቹ «እኛ አይሆንልንም» ስላሉ ነው፤ እሱ ግን ሚስቱን ከሥራዋ አስነስቶ «ፊት ሆኜላቸዋለሁ» አላት። በዚያ ሳምንት ቋጠሮ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄደ። በሁለተኛው ጊዜ ቋጠሮ ራሱ ትንሽ አመነታ፤ መንጠቆዋ የምትይዘው ፀጉር እያጣች ነበር።

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ጠብቋል።»

«ጠበቅ አድርገው አልኩህ!»

በማግሥቱ ግቢው ውስጥ መኪናዋ ታጥባ ቆመች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደግኗል፤ ባልደረቦቹ ለመሳቅ ተሰልፈዋል። ከበስተኋላ ሲስተር በሌላኛዋ መኪና ለብቻዋ፣ በአንድ አሰልጣኝ የርቀት ጩኸት እየተመራች፣ በኮኖች መሀል ወደ ኋላ መግባት ትለማመዳለች። አሰልጣኙ የአናቱን ቋጠሮ ፈትቶ ያን ሁሉ ድሬድ ለቀቀው።

«በጣም ጥሩ!» አለ ፎቶ አንሺው። «አሁን አንዴ ራስህን ወደዚህ ወርወር፣ ፀጉሩ በአየር ላይ እንዲታይ።»

ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም እንጂ ሲጠብቀው የኖረው ትእዛዝ ነው። አንገቱን ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረ። ፀጉሩ በአየር ላይ ታየ። ሁሉም ሲመለስ አንደኛው ግን አልተመለሰም፤ ከግንባሩ በግራ በኩል ያለው፣ ክንድ የሚያህለው፣ ጉዞውን ቀጥሎ ከሲስተር መኪና የኋላ መስታወት ላይ ጥፍጥፍ ብሎ አረፈ።

«እባብ!» አለ አንዱ።

ሲስተር ዓይኗን ገልጣ በሁለት እግሯ ፍሬኑን ረገጠች። መኪናዋ በሁለቱ ኮኖች ትክክል መሀል ቀጥ ብላ ቆመች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጉዳት ፓርክ ያደረገችው ያኔ ነው፤ ግን ያጨበጨበላት አልነበረም። ሰዉ በሙሉ እሱን ያያል። እሱ ገና አላወቀም፤ ፎቶው እንዲያምርለት አገጩን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል።

ከመኪናው ወርዳ ድሬዱን በሁለት ጣቷ አነሳችው። መጀመሪያ ያየችው ሥሩን ነው፤ ወፈር ያለው ገመድ ወደ ራስ ቅሉ ሲጠጋ እንደ ሸረሪት ድር ሳስቶ፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ ነጫጭ እንቡጦች ይዟል። መሬት ላይ ሳትጥለው ወስዳ በመዳፉ አኖረችለት።

አሰልጣኙ መዳፉን አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ ግንባሩ ሰደደ። ያገኘው ሙቅና ልሙጥ ቆዳ ነበር። የመኪናዋ መከላከያ ላይ ተቀመጠ። ከባልደረቦቹ አንዱ «መወልወያው ከእጀታው ወለቀ» አለ፤ ይህን ስም እሱ የሰማው ያን ቀን ነው። ከድሬዱና ከስሙ የትኛው የበለጠ እንዳመመው ለሚስቱም አልነገራት።

ሰው ከዚህ በኋላ ይማራል ተብሎ ይታሰባል። እሱ ግን ድሬዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ በቀጥታ ወደ ቋጠሮ ነው የሄደው። ቋጠሮ ወደ ብርሃን አስጠግቶ መረመረው።

«እጄ ላይ ችግር የለም» አለ። «ችግሩ ራስህ ላይ ነው።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ጎረቤቱ ካለው ድሬድ ጋር እሰፋዋለሁ፤ አይታወቅም።»

ሰፋው። ከዚያ ወዲህ ያ ምስኪን ጎረቤት የራሱንም የሟቹንም ክብደት ተሸክሞ አሥራ ሁለት ቀን ኖረና፣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተያይዘው ገላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። በዚያው ሰሞን ብጉሩ አመርቅዞ፣ ግራ ዓይኑ አብጦ ሥራ ቀረ። ሚስቱ በበኩሏ ነገሩን ለሁለት ቀን አየችውና በሦስተኛው ቀን ለሲስተር ደወለች። ስልኳን ከየት እንዳገኘች አልጠየቀም፤ ሁለቱ ሴቶች ከተዋወቁ ቆይተው ነበር።

ሲስተር በቀድሞ ሥራ ቦታዋ በኩል ይዛው ገባች። ያየው ሐኪም ወጣት ነው፤ በማጉያ መነፅር ራሱን መስመር በመስመር አየው።

«እዚህ፣ ከግንባርህ በላይ፣ ገና ስስ ፀጉር አለ፤ ካልተጎተተ ይመለሳል። ስድስት ወር፣ ምናልባት ዓመት። ከግራ ጆሮህ በላይ ያለው ግን ቀዳዳው ተዘግቷል።»

«ተዘግቷል ማለት?»

«አይበቅልም ማለት ነው።»

አሰልጣኙ ለሲስተር ዞሮ «ሌላ ሐኪም የለም?» አለ።

«አለ» አለች። «እሱም ዓይን አለው።»

መድኃኒት ተሰጠው፤ ከመድኃኒቱ ጋርም ትእዛዝ። መንጠቆ የለም፣ ሰም የለም፣ አናት ላይ መቋጠር የለም። መታጠብ አለ፤ ከታጠቡም እስከ ውስጡ ማድረቅ። ክብደቱም ሥሩን ስለሚጎትት ርዝመቱ በግማሽ ይቀነስ። ሌላውን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ፤ የመጨረሻውን ሲሰማ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሚስቱ ቦርሳዋን ከፍታ መሀረብ አወጣችለት፤ ያን ጊዜ ያልተናገረችውን በኋላ ቀስ በቀስ ለዓመታት ተናግራዋለች።

ወደ ዝምተኛዋ ፀጉር ሠሪ የተመለሰው በሥራ መዝጊያ ሰዓት፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ነው። በሩ ላይ ቆመ። እሷ ኮፍያውን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ወንበሩን አዞረች።

«ቁጭ በል።»

ሰሙን ለማስለቀቅ ሦስት ሰዓት ፈጀባት። ውሃው መጀመሪያ እንደ ሻይ፣ ኋላ እንደ ድፍርስ ወንዝ እየሆነ ወረደ። ከድሬዶቹ ውስጥ የብርድ ልብስ ጥጥ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ከሚስቱ ስፌት የመጣ ቀይ ክርና ማንም ያላወቀው አንድ ነገር ወጣ። ሽታው ሲነሳ መስኮቱን ከፈተች። በወንበሩ ላይ እንዳለ መንጠቆን መርገም ሲጀምር ግን አቋረጠችው።

«መንጠቆውን ተወው። እኔም አለኝ፤ አልፎ አልፎ፣ በለሰለሰ እጅ ሲሆን ማንንም አልጎዳም። በየሳምንቱ ሂድ ያለህ መንጠቆው ነው?»

መቀሱን አነሳች፤ እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

የማስታወቂያ ሰሌዳው በወሩ ተሰቀለ። ፎቶው ላይ ያለችው ሲስተር ናት፤ መኪናዋ በሁለቱ ኮኖች መሀል ቀጥ ብላ ቆማ፣ እሷ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ፎቶ አንሺው በዚያች ደቂቃ በድንጋጤ ቁልፉን ነክቶ ያነሳው ፎቶ ነው። «በስድሳ ሁለት ዓመትም ይቻላል» ተብሎ ተጽፎበታል። እውነቱን ለመናገር ገና አልተቻለም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው ነው ያለፈችው። ፈታኙ የፈረመላት ከመኪናው ለመውረድ ቸኩሎ ነው የሚሉ አሉ።

የአሰልጣኙ ግንባር በስምንተኛው ወር እንደ ጨቅላ ራስ ያለ ለስላሳ ነገር አበቀለ። ከግራ ጆሮው በላይ ያለው ቦታ ግን፣ የሻይ ስኒ አፍ የሚያህለው፣ እንደ ሰሃን እያበራ ቀረ። ድሬዱ አሁን ትከሻው ላይ ይቆማል፤ ሥሩ ይንጨባረራል፤ በስድስት ሳምንት አንዴ በመዳፍ ይጠቀለላል። እሱ ግን ተሳስቼ ነበር አላለም፤ እንዲህ የሚባል ቃል ከአፉ አይወጣም። ለጠየቀው ሁሉ ያ ቦታ የተመለጠው «በማሰብ ብዛት» እንደሆነ ይናገራል። ከዚያም አልፎ ስለ ድሬድ ሥር አያያዝ ነገሩን ራሱ የደረሰበት ይመስል ያስተምር ጀመር። ተማሪውን መሀል መንገድ ላይ ትቶ፣ ከጎን ባለች መኪና ውስጥ ፀጉሯን አናቷ ላይ አጥብቃ የቋጠረች ሴት ካየ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል።

«እህቴ፣ ይኼ ነገር ሥሩን ይጎትተዋል! ሳስቶ ሳለ ከለቀቅሽው ይመለሳል፤ ካልለቀቅሽው ግን…»

አብዛኞቹ መስኮታቸውን ይዘጋሉ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ግን እስኪጨርስ ሰማችውና «አንተ ማነህ?» አለችው። አንገቱን ሊወረውር ቃጣና በመሀል የበረረው ድሬድ ትዝ አለው፤ በቀስታ ዘንበል ብቻ አደረገው።

«አሰልጣኝ ነኝ» አላት።